ስድስተኛው ጉድጓድ

ጂንካ፣ ጥር 28 ቀን 2006 ዓ.ም.

ይድረስ ለአብኔር ዳርጌ፣

ሰላምታ ያልቀደመው ደብዳቤ ክስ ይመስላል የሚሉት አባባ ከጎኔ ተቀምጠው እስክሪብቶዬን እያዩ ስለሆነ ከሰላምታው ልጀምር። እናቴ ደህና ናት። እናትህ እትዬ ባዩሽ ደህና ናት፤ ገበያ ወርዳ ሽንኩርቷን እየሸጠች ነው። ላሟ ደህና ናት። አያታችን አባባ ዶላሞ ከላሟም የበለጠ ደህና ናቸው። ይኸው፣ ረክተው ተነሱ። አሁን እውነተኛው ደብዳቤ ይጀምራል።

ስለ መዘግየቴ ይቅርታ፤ ጥፋቱ ግን የእኔ አይደለም። ሹፌሩ ተፈሪ ደብዳቤህን አይሱዙው ውስጥ ፀሐይ መከላከያው ላይ ሰክቶ ረስቶት፣ አራት ቀን ሙሉ ከካኮ ጂንካ፣ ከጂንካ ካኮ ሲያመላልሰው ከርሟል። ደብዳቤህ ከእኔ ይልቅ አገር አይቷል።

በስልክ አይሻልም ወይ ላልከው፣ አይሻልም። አንተ ኔትወርክ ለማግኘት ኮረብታ ትወጣለህ፤ የእኔን ስልክ ደግሞ እናቴ የዘጠነኛ ክፍል ውጤቴን ካየች ጀምሮ ቆልፋበታለች። ደግሞ የአባባ ጆሮ የማይሰማው ሲጠሩት ብቻ ነው። ስለ እሳቸው ሲወራ ከአጥር ውጭ ሆነው ይሰማሉ። ደብዳቤ ቢያንስ አይጮህም።

ጠይቂልኝ ያልከኝን ጠይቄያለሁ። ባቡር ሊያልፍ እንደሆነ፣ ሐዲዱ ከመዘርጋቱ በፊት ከሜዳው ሥር ባዶ ቦታ መኖር አለመኖሩን የምታጣሩት እናንተ እንደሆናችሁ፣ እሳቸው በ1985 እዚያ የቆፈሯቸው ጉድጓዶች የት የት እንዳሉ ማወቅ እንደምትፈልግ ነገርኳቸው። ደስ አላቸው። ባቡር አይተው አያውቁም፤ ስለ ባቡር ግን አንድ ሰዓት አስረዱኝ።

ከዚያ ወደ ጉድጓዶቹ መጣን። ቦታው የከብት ማርቢያ ጣቢያ ሊሆን ታስቦ ሳይሆን የቀረ ነው አሉ። አምስት ጉድጓድ ቆፍረዋል። ሁለቱ ውሃ ሰጡ፣ ሦስቱ ደረቁ። ሥራው ሲቋረጥ አምስቱንም አልደፈኗቸውም፤ አፋቸው ላይ የግራር ግንድ ረብርበው አፈር መልሰውባቸው ነው የሄዱት። መድፈን የመቆፈርን ያህል ይለፋል፣ ለመድፈን ደግሞ የሚከፍል የለም አሉኝ። ከአውራ ጣት እስከ ትንሿ ጣት ቆጠሩልኝ፣ ከዚያ ፖስታው ጀርባ ላይ ሳሉልኝ። ስዕሉ ይኸውልህ። እንቁላል የረገጠ ሰው የሳለው ይመስላል፤ እሳቸው ግን ልክ ነው ብለው ምለዋል።

አባትህም ያኔ አብሯቸው ይቆፍር እንደነበር እኔ አላውቅም ነበር። በካንጋተን በኩል ኬንያ ገባ የተባለው ከዚያ ሥራ በኋላ ነው ለካ። ይህን ስጠይቅ አባባ ላሟን ሊያዩ ሄዱ። ላሟ ተኝታለች።

ሌላ ወሬ የለም። ግቢያችን ውስጥ መዝለል አሁንም ክልክል ነው። ትናንት ገመድ ስዘል ይዘውኝ ስለ መሬት ክብር ሰበኩኝ።

እህትህ ቤዚ


ከካኮ በታች፣ ካምፕ፣ የካቲት 6 ቀን 2006 ዓ.ም.

ውድ ቤዚ፣

ደብዳቤሽን ለካምፑ ሰው ሁሉ አነበብኩለት፤ ይቅርታ። ስለ ላሟ ያለው ክፍል ሁለት ጊዜ ተነቧል።

መሬት ሳይቆፈር ውስጡ እንዴት ይታወቃል ካልሽ፣ ከምታስቢው ይቀላል። የብረት ችካል በየሁለት ሜትሩ በመዶሻ እንተክላለን። ችካሎቹን በሽቦ ገመድ አያይዘን ኤሌክትሪክ እንለቅባቸዋለን። እርጥብ አፈር ያሳልፈዋል፣ አለት ያስቸግረዋል፣ አየር ጭራሹን አያሳልፈውም። ኮምፒውተሩ ላይ እርጥቡ ሰማያዊ፣ የሚያስቸግረው ቀይ ሆኖ ይወጣል። ጣጣው አለትም ቀይ፣ ባዶም ቀይ መሆኑ ነው።

የአባባን ስዕል ይዘን ወጣን። አምስቱም ያሉት ባሏቸው ቦታ ነው። ኢንጂነሩ እኒህ ሽማግሌ ይቀጠሩልኝ እስከ ማለት ደረሰ። ነገር ግን ስድስተኛ ቀይ አለ። ከአምስተኛው ሠላሳ እርምጃ ቢሆን ነው፤ ስፋቱም እንደሌሎቹ ነው። ሐዲዱ የሚያልፈው ልክ በእሱ ላይ ነው።

ሳቂብኝ እንጂ እዚያ ቦታ ላይ መዶሻ ስመታ ደስ አይለኝም። ድምፁ ትንሽ ዘግይቶ ይመለሳል፤ አንድ ሰው ከታች ሆኖ «ማነው?» የሚል ይመስላል። ከብት የሚጠብቁት ልጆችም ከብቶቹን በዚያ አያሳልፉም። ለምን ስላቸው፣ ከብቶቹ ራሳቸው ይዞራሉ አሉኝ።

አሁን የምልሽ ቁም ነገር ነው። መሰርሰሪያ መኪናው መጋቢት 10 ይመጣል፤ ክብደቱ ሃያ ሁለት ቶን ነው። ስድስተኛው ባዶ ከሆነ መኪናው ርቆ ይቆማል። አለት ከሆነ ልክ እላዩ ላይ ይቆማል፤ መኪናው ሥር ገብቼ እግሮቹን የማስተካክለው ደግሞ እኔ ነኝ። ኢንጂነሩ የሚወስነው ያኔ የሠሩት ሰዎች በሚፈርሙት ቅጽ ነው። ቅጹን ልኬያለሁ፤ አባባ፣ ጋሽ ዓባይነህና ጋሽ ተስፋሁን ይፈርሙበት። ስድስተኛ ነበር ወይ ብለሽ እንደገና ጠይቂያቸው።

እማዬን ሳሚልኝ።

አብኔር


ጂንካ፣ የካቲት 14 ቀን 2006 ዓ.ም.

አብዬ፣

ቅጹ ተፈርሞ ከዚህ ጋር ተልኳል። ፊርማው የእኔ ስላልሆነ ተጠያቂ አይደለሁም።

የሽማግሌዎቻችን ፓርላማ ማንጎው ሥር ተሰበሰበ። መቼም ታውቃቸዋለህ፤ በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ይቀመጣሉ። አጀንዳው አይነገርም፣ ውሳኔው ሁልጊዜ ለሌላ ቀን ይቀጠራል፣ ዳቦው ግን በዕለቱ ያልቃል። አባባ በስተቀኝ። ያኔ ገመድ ያዥ የነበሩት ጋሽ ዓባይነህ በስተግራ፣ ከነሳላቸው። መሀል ላይ ያኔ የጣቢያው ጸሐፊ የነበሩት ጋሽ ተስፋሁን። ጡረታ ከወጡ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ አሁንም ጨው ሊገዙ ሲወጡ ክራቫት ያስራሉ።

ጋሽ ተስፋሁን ቅጹን በቢሮ ድምፃቸው አነበቡት። በአካባቢው የሚታወቅ ጉድጓድ፣ ዋሻ ወይም የሰመጠ መሬት ካለ ይገለጽ ይላል። «አምስት» ብለው ጻፉ። እኔ ሻይ እየቀዳሁ፣ ማሽኑ ግን ስድስት ነው የሚለው አልኩ።

ጋሽ ዓባይነህ ሊጎርሱት የነበረውን ዳቦ ሳህኑ ላይ መለሱ። ጋሽ ተስፋሁን ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ የፈረንጅ ማሽን አንዳንዴ አንድ እንደሚያበዛ በሰፊው አብራሩ። እሳቸው ካልኩሌተር እንኳ ለተማሪ ነው የሚያስነኩት።

አባባ ማንንም አላዩም። «በምንድን ነው የሚመቱት?» አሉኝ። በመዶሻ አልኳቸው። «የሚመታው አብኔር ራሱ ነው?» አዎ አልኩ። ተነሱና፣ «ልጁ እዚያ አይምታ» ብለው ገቡ። ቅጹ ላይ የፈረሙት ከውስጥ ሆነው ነው፤ ጋሽ ተስፋሁን ይዘውላቸው ገብተው ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ አባባን ብታያቸው አታውቃቸውም። ሲቀመጡ እግራቸውን ከመሬት አንስተው በርጩማ ላይ ይሰቅላሉ። ጎረቤት ሙቀጫ ሲወቀጥ ይደነግጡና አስቁሟቸው ይላሉ። በርበሬ ነው እኮ የሚወቅጡት ስላቸው፣ በርበሬም ይሁን፣ ቀስ ይበሉ አሉኝ። እኔም መጀመሪያ ሳቅሁ። እትዬ ባዩሽ ግን አልሳቀችም፤ እርጅና ነው ብላ ጋቢያቸውን አለበሰቻቸው፣ እሳቸውም እጇን ይዘው አልለቅ አሏት።

አንድ ነገር ልጽፍልህ ነበር፤


ካምፕ፣ የካቲት 22 ቀን 2006 ዓ.ም.

ቤዚ፣

የደብዳቤሽ መጨረሻ በእጅ ተቀዷል። ፊርማሽም አብሮ ሄዷል። ተፈሪን ብጠይቀው እኔ አልነካሁም ብሎ በልጆቹ ማለ። ምን ነበር?

ቅጹ ደርሷል። ኢንጂነሩ ሦስቱንም ፊርማ አየና ከስድስተኛው ጎን «አለት» ብሎ ጻፈ። እኔ አይመስለኝም አልኩት። ማስረጃህ ምንድን ነው አለኝ። መዶሻው ዘግይቶ ይመልሳል፣ ከብት ይዞራል ልለው አልቻልኩም። በዚህ ሥራ ላይ አንድ ዓመት ያልሞላኝ ሰው ነኝ።

መኪናው ኮንሶ ደርሷል። ቀኑ አልተለወጠም።

አባባ ልጁ እዚያ አይምታ ያሉት ለምንድን ነው? አሁን እየቀለድሽ እንዳትመልሺልኝ።

አብኔር


ጂንካ፣ የካቲት 30 ቀን 2006 ዓ.ም.

አብኔር፣

አልቀልድም።

የተቀደደውን እኔ ነኝ የቀደድኩት። ያኔ የጻፍኩት ግምት ነበር፤ ግምት በተፈሪ መኪና መላክ ደግ መስሎ አልታየኝም። አሁን ግምት አይደለም። ለጋሽ ዓባይነህ ዳቦ ይዤ ሄጄ፣ ዳቦውን ሳልሰጥ በራፋቸው ላይ ተቀምጬ ጠየቅኳቸው። ሲያስሉ ቆዩ። ከዚያ ነገሩኝ። ዳቦውን ሳይቀበሉኝ መለስኩት።

አንተ ጋ ያለው አለት አይደለም። ስድስተኛ አለ። ከዚህ በላይ ከእኔ አትጠብቅ። ልነግርህ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቱንም አቃጥያለሁ፤ የምትሰማው ከእኔ መሆን የለበትም። ስለዚህ አትቆጣኝ፣ ወይም ተቆጣኝና ቆይተህ ተወው።

ለኢንጂነሩ እህቴ እንዲህ ብላለች ብትለው እንደሚስቅብህ አውቃለሁ። ከሦስት ሽማግሌ ፊርማ አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ አትበልጥም። ስለዚህ ፊርማቸውን ራሳቸው ሄደው እንዲያነሱ ነገርኳቸው። ፓርላማው ለሌላ ቀን ሊቀጥረው ጀመረ። ጋሽ ተስፋሁን ጉዳዩ በጥንቃቄ እንዲታይ አሉ፤ ጋሽ ዓባይነህ ሳሉ። እኔም፣ እሑድ በማስታወቂያ ሰዓት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተነስቼ ሁሉንም እናገራለሁ አልኩ። እትዬ ባዩሽ እሑድ የምትቀመጠው ሁለተኛው ወንበር ላይ ነው፤ ይህንንም አስታወስኳቸው።

ሽማግሌ ሲፈራ አይቼ አላውቅም ነበር። ሳቄ መጥቶ ነበር፤ መሀል ላይ ሌላ ነገር ሆነብኝ።

አባባ እኔ እሄዳለሁ አሉ። ተፈሪ ቅዳሜ ይዟቸው ይወርዳል። እስከዚያ እዚያ ቀይ ላይ አትቁም፤ ችካልም ቢሆን እንዳትነቅልበት። እናትህ ለምን እንደሚሄዱ አታውቅም፤ ያልጨረሱት ሥራ አለ ብለዋት ስንቅ እያዘጋጀችላቸው ነው።

ቤዚ


ጂንካ፣ መጋቢት 6 ቀን 2006 ዓ.ም.
(በአባባ እጅ። አባባ ተናግረው ሲጨርሱ ብቻ ይከፈት። ቀድመህ ከከፈትከው አሁኑኑ ዝጋው።)

ወንድሜ፣

አሁን ሰምተሃል። አባትህ ኬንያ አልገባም። አንድም ቀን ከዚያ ሜዳ አልወጣም።

እኔ የምጽፍልህ አባባ የዘለሉት ነገር ካለ እንዲሟላልህ ነው። ጋሽ ዓባይነህ እንዳሉኝ፣ ጉድጓድ ቆፋሪ ጠዋት ከመውረዱ በፊት የበራ ፋኖስ በገመድ ይወርዳል። ፋኖሱ ከጠፋ የታፈነ አየር አለ ማለት ነው፤ ያን ቀን ማንም አይወርድም። ጥቅምት 1985፣ ስድስተኛው ላይ፣ ፋኖሱ ጋዝ አልቆበት ነበር። አባትህ ጋዝ እስኪመጣ እንጠብቅ አለ። ትናንት ደህና ነበር፣ ውረድ ያሉት አባባ ናቸው። የገዛ ልጃቸው ስለሆነ እንቢ አላለም።

ወርዶ ከላይ ሲጠሩት አልመለሰላቸውም። ጋሽ ዓባይነህ ወገባቸውን ታስረው ሊያወጡት ወረዱ፤ ራሳቸውን ስተው ነው የተጎተቱት፤ ያ ሳል የዚያ ቀን ነው። ከዚያ የጉድጓዱ ጎን ተናደ። ሦስት ቀን ሞከሩ። የቆፈሩትን ያህል አሸዋው እየፈሰሰ ይመለስባቸው ነበር። በአራተኛው ቀን ከብት እንዳይገባበት ብለው ግንድ ረበረቡበት። ጋሽ ተስፋሁን መዝገቡ ላይ አምስት ብለው ጻፉ።

ኬንያ የሚለው ወሬ እንዴት መጣ መሰለህ? እናትህ አንተን ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ሦስት ወር ቀርቷት ነበር። ለነፍሰ ጡር መርዶ አይነገርም። እስክትወልድ ብቻ ብለው በካንጋተን በኩል ለሥራ ሄደ አሏት። ወለደች፤ አራስ ናት ተባለ። ከዚያ ታጠባለች ተባለ። ከዚያ ልጁ ኩፍኝ ወጥቶበታል። ከዚያ አንደኛ ክፍል ሊገባ ነው፤ ከዚያ የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ሊፈተን ነው፤ ከዚያ ማትሪክ፣ ከዚያ አርባ ምንጭ ሊማር ሄዷል፣ ዲፕሎማውን ይያዝና። አንተ አንድ ነገር ባለፍክ ቁጥር እነሱ አንድ ምክንያት ያገኙ ነበር። ፓርላማው ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ የተቀመጠው የመርዶውን ቀን ሊቆርጥ ነው። እኔም ሃያ አንድ ባይሆንም ያደግኩትን ያህል ዓመት የሳቅሁት በዚያ ነው።

አባባን ምን እንደምትላቸው አላውቅም። አሁን መኪናው ላይ ሊወጡ ነው፤ እኔ ጫማቸውን አሰርኩላቸው፣ በቃ።

ቤዚ


ካምፕ፣ መጋቢት 13 ቀን 2006 ዓ.ም.

ቤዚ፣

ደብዳቤሽን ከፈትኩት። ካንቺ የሰማሁትና ከእሳቸው የሰማሁት አንድ ነው። ፋኖሱን አልዘለሉትም።

እንዴት ሆነ እንደምትዪኝ አውቃለሁ። የተፈሪ መኪና መንገድ ላይ ተበላሽቶ አባባ የደረሱት ቅዳሜ አይደለም፤ ሮብ ረፋድ ላይ ነው፣ መሰርሰሪያው ከደረሰ በኋላ። ሞተሩ ተነስቶ ወደ ቦታው እየተጠጋ ነበር። እኔ ስድስተኛው ዳር ተንበርክኬ ገመድ እሰበስባለሁ። አትቁም ብለሽኝ ነበር፤ ገመዱ ግን እዚያ ነበር።

አባባ ከአይሱዙው ወረዱ። ካርታ አላዩም፣ የት ነው ብለው አልጠየቁም። የምልክት ባንዲራዎቻችንን አልፈው፣ መሬቱን በዱላቸው እየነኩ ቀጥ ብለው መጡና ቀዩ ላይ ተቀመጡ። ልክ መሀሉ ላይ። ኢንጂነሩ አባት ይነሱ፣ አደጋ አለው ይላቸዋል። ሹፌሩ ጥሩንባ ያሰማል። አባባ ጮክ አላሉም። «ልጄ ከሥሬ ነው፤ መኪናውን መልስልኝ» አሉ።

ኢንጂነሩ እኔን የሚሉ መስሎት እኔን አየኝ። እኔም መጀመሪያ እኔን የሚሉ መስሎኝ ነበር።

ሞተሩ ጠፋ። የቀረውን እዚያው ተቀምጠን ነገሩኝ። እንዲነሱ ለመንኳቸው፤ ጨርሰው ነው የተነሱት።

ከሰዓት በኋላ በደረታችን ተኝተን ዳሩን በእጅ ጠረግን። ግንዶቹ እንደ ደረቀ ዳቦ ይፈረፈራሉ። አፈሩን ይዞት የኖረው የሣሩ ሥር ብቻ ነው። ኢንጂነሩ አንዱን ፍርፋሪ አንስቶ ብዙ ጊዜ አየው፣ ከዚያ መኪናውን አየ፣ ከዚያ እኔን። ማታ ቅጹ ላይ «አለት» ያለውን በራሱ እጅ ሰረዘው። መስመሩ አርባ ሜትር ወደ ምሥራቅ ይዞራል። ወረቀቱ ላይ «ባዶው የተፈጠረበት ምክንያት» የሚል ቦታ አለ፤ እሱን አንተ ሙላው ብሎ ሰጠኝ። እስካሁን አልሞላሁትም።

ወደ ውስጥ አየህ ወይ ብለሽ እንዳትጠይቂኝ።

ስንት ጊዜ እዚያ ላይ መዶሻ እንደመታሁ ስቆጥር አድራለሁ። አባባ እኔ ድንኳን ውስጥ ናቸው። ይተኛሉ። ይበላሉ። እኔ ግን ቁጣዬ የት እንደገባ አላውቅም፣ ስፈልገው አላገኘውም። ጠዋት ሻይ አመጣሁላቸው፤ ብርጭቆውን ተቀብለው የአባትህ እጅ ነው ያለህ አሉኝ። ወጥቼ ሄድኩ።

ነገ ተፈሪ ይዟቸው ይመለሳል። የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። እናቴ ትስማ። ይህንንም ለሌላ ቀን እንዳይቀጥሩት።

አብኔር


ጂንካ፣ መጋቢት 20 ቀን 2006 ዓ.ም.

አብኔር፣

አልቀጠሩትም። ሊቀጥሩት ግን ሞክረው ነበር። ጋሽ ተስፋሁን ጾም መሀል መርዶ አይነገርም አሉ፤ እትዬ ባዩሽ ያንን ጾም እንደማትጾም አስታወስኳቸው።

እንደ ደንቡ ሊነጋጋ ሲል መጡ። ሦስቱም፣ ከኋላቸው አራት ሴቶች ለቅሶውን ሊያግዙ። ጋሽ ተስፋሁን ክራቫታቸውን አስረዋል፤ ንግግር አዘጋጅተው ነበር። እናትህ ቀድማ ተነስታ ለገበያ ሽንኩርት እየለየች ነበር። ጋሽ ተስፋሁን የሰው ልጅ ከአፈር እንደተሠራ ጀመሩ። ወደ አፈር ሳይመልሱት አቋረጠቻቸው። «ዳርጌ ሞተ ነው የምትሉኝ?» አለች።

ሁሉም መሬት መሬት አዩ። መቼ አለች። ጋሽ ተስፋሁን ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ፤ አባባ ቀደሟቸው። ጥቅምት 1985 አሉ። የት እንደሆነ፣ ማን ውረድ እንዳለው፣ ለምን እንደዋሹ፣ ቆመው ተናገሩ። ፋኖሱንም ጨምረው።

አላለቀሰችም። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው በር ላይ ቀሩ፤ አንዷ ጀምራ ብቻዋን ሲሆንባት አቆመች። እናትህ ሽንኩርቱ መሀል ተቀምጣ በጣቷ ትቆጥር ነበር። ዓመቱን መስሎኝ ነበር። ከዚያ መናገር ስትጀምር ገባኝ። አንተ ኩፍኝ ይዞህ ሆስፒታል ስታድር ጥሎኝ ሄደ ብላ ዳርጌን የረገመችውን፣ ትምህርት ቤት የአባት ፈቃድ ሲጠየቅ የረገመችውን፣ አርባ ምንጭ ስትሄድ ሻንጣህን ብቻዋን ተሸክማ መናኸሪያ ላይ የረገመችውን አንድ በአንድ ጠራች። አንዱንም አልረሳችም። «እናንተ ማንጎው ሥር ሻይ እየጠጣችሁ እየሰማችሁኝ ነበር የምሰድበው» አለች። «አንዳችሁ እንኳ ተይ አላላችሁኝም።»

አብዬ፣ ስለ ሽማግሌዎች ብዙ ቀልጃለሁ። እንዲህ ትንሽ ሆነው ግን አይቻቸው አላውቅም። ጋሽ ዓባይነህ ሳላቸውን ይዘውት ቆዩ። ጋሽ ተስፋሁን ክራቫታቸውን ፈትተው ኪሳቸው ከተቱ፤ እስካሁን አላሰሩትም።

አባባ እግሯ ላይ ሊወድቁ ሲሉ ይዛ አስቆመቻቸው። ይቅር አላለቻቸውም፤ ያንን እንዳትጠብቅ። የጉድጓዱን አፍ የሚያውቀው እሱ ስለሆነ አብሮኝ ይሄዳል ብቻ ነው ያለችው። በሕይወቷ «እሱ» ስትላቸው የመጀመሪያዋ ነው። አሁን ተፈሪ መኪና ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ አይነጋገሩም። ተፈሪ ሙዚቃ መክፈት ፈርቶ እጁን ሬዲዮው ላይ አድርጎ ተቀምጧል።

ይህን ደብዳቤ የምትሰጥህ እሷው ናት። ቅጹ ላይ ያልሞላኸው ቦታ ምን ይጻፍበት ብዬ ጠየቅኳት። ልብሷን እያጠፈች አሰበችና ስሙን ይጻፍ አለች፤ ጉድጓድ ብሎ እንዳይጽፍ።

መኪናው ሊነሳ ሲል በመስኮት ጠራችኝና አንድ ነገር ጨምሪበት አለች። እሷ እንዳለችው ነው የምጽፈው፤

«በይው፦ እኔ ሳልደርስ እንዳይደፍኑት። ሃያ አንድ ዓመት ጀርባውን ሰጥቶኝ የሄደ ሰው ነበር የማናግረው። አሁን ፊት ለፊት ላናግረው ነው።»

ቤዚ